የክፍተት ትንተና ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

በቴክኒክ ሰነድ ዝግጅት ሥራ «የክፍተት ትንተና» ማለት አንባቢው ከሚያስፈልገው ሰነድ የጎደለውን ለይቶ ማውጣት ነው፤ ብዙዎች ግን ያሉትን ሰነዶች መዘርዘር ይመስላቸዋል። ዝርዝር የሚያሳየው ያለውን ነው፤ የጎደለው ነገር ከዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። ትንተናው የሚጀምረው ከሌላኛው ጫፍ፣ አንባቢው ሊሠራ ከሚፈልገው ተግባር ነው። የይለፍ ቃል መቀየር፣ ከአሮጌው ስሪት ወደ አዲሱ መሸጋገር፣ የስህተት መልእክት ሲመጣ መላ መፈለግ፤ እያንዳንዱ ተግባር ካለው ሰነድ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ይወጣል።

ክፍተት ማለት የሌለ ገጽ ብቻ አይደለም። ገጹ ኖሮ ጊዜው ያለፈበት፣ ለባለሙያ ተጽፎ ለጀማሪ የማይገባ፣ ወይም ፈላጊው በማይደርስበት ቦታ የተቀበረ ሊሆን ይችላል። እኔ የመጨረሻውን አብልጬ እፈራለሁ፤ ጸሐፊው «ጽፈነዋል» ብሎ ይከራከራልና። ማስረጃው ደንበኞች ለድጋፍ ክፍል ደጋግመው በሚያቀርቡት ጥያቄና ውጤት ባላስገኙ የፍለጋ ቃላት ውስጥ አለ።

የተገኙትን ክፍተቶች ለመመዝገብ ሠንጠረዥ ይበቃል፦ አንባቢው፣ ተግባሩ፣ አሁን ያለው ሰነድ፣ ጉድለቱ፣ ማስረጃው፣ ክብደቱ፣ ኃላፊው። ጉድለትና መፍትሔ ግን በአንድ ዓምድ አይቀላቀሉ። «ቪዲዮ የለንም» ጉድለት ሳይሆን አስቀድሞ የተመረጠ መፍትሔ ነው። «መመሪያው ሦስተኛውን ደረጃ ስለዘለለ አዲስ ተጠቃሚ መሣሪያውን ከኔትወርክ ጋር ማገናኘት አይችልም» ቢባል ግን ጉድለቱ ተነገረ። እንዳይሞላ የተወሰነ ክፍተትም ይመዝገብ፤ ምክንያቱ ከጎኑ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ትንተና እንደ አዲስ ግኝት ተመልሶ ይመጣል።