የባሕር ውሃ «ዕድሜ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ግልገል አባይ ከሰከላ ተነሥቶ ጣና ሲገባ ሐይቁን ሳይቀላቀል ሰንጥቆ ያልፋል ይባላል። ጎጃም ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ክረምት ላይ ደለሉ ስለሚታይ ዓይን ያምናል። ደለል ግን ይዘቅጣል፤ ውሃው የት እንደደረሰ እስከ መጨረሻው አይነግርም። የውቅያኖስ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ሟምቶ የሚቀር ምልክት ነው።

አንዱ ሲኤፍሲ ነው፤ ያ የድሮ ፍሪጅ ጋዝ። ፋብሪካ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ከአየር ወደ ባሕሩ ገጽ ይሟሟል፤ ውሃው ሲሰምጥ አብሮ ይወርዳል። ከጥልቁ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ያለው መጠን በየዓመቱ አየር ላይ ከነበረው ጋር ይነጻጸራል። ዕድሜ የሚሉት ውሃው ከአየር ከተለየ ወዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ውሃው ራሱማ የጥንት ነው!

ግራ የሚያጋባው ሲደባለቅ ነው። የ10 እና የ50 ዓመት ውሃ እኩል ቢቀላቀሉ አማካዩ 30 ነው። ሲኤፍሲው ግን ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ጋዙ አየር ላይ በእኩል ፍጥነት አልጨመረማ። የሲኤፍሲን ምርት ከገደበው የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1987) በኋላ ደግሞ እየቆየ መቀነስ ጀመረ። ስለዚህ አንድ መጠን ሁለት የተለያዩ ዓመታትን ሊያመለክት ይችላል። ለዚህም ነው አየር ላይ አሁንም እየጨመረ ያለውን ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ሌላ ጋዝ አብረው የሚለኩት።

ይህን ጋዝ ሆን ብለው የለቀቁበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በሰሜን አትላንቲክ 300 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ 139 ኪሎ ግራም ያህል ለቀቁ። ከወራት በኋላ ወደ ጎን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተሰራጭቷል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን በአሥሮች ሜትር ብቻ።