«ኔትወርክ ገብቷል» ሲባል ምን ገባ? ስለ ጣና ዳር የገጠር ብሮድባንድ የሚነገረውና እውነታው

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ደቅ ደሴት ወይም ወደ ፎገራ ሜዳ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማ ውስጥ ቪዲዮ ሲያጫውት የነበረ ስልክ ትንሽ ራቅ ሲል አንድ ፎቶ መላክ ያቅተዋል። ፈጣን ኢንተርኔት ወደ ገጠር ይደርሳል ከተባለ ቆይቷል። ስለ ዕቅዱ የሚወራው ግን ብዙው የተዛባ ነው፤ የተዛባ ወሬ የያዘ ሰው ደግሞ ትክክለኛውን ጥያቄ አይጠይቅም። ይህን የምጽፈው ለዚሁ ነው፤ በጥቅስ ያለው የሚወራው ነው፣ ከሥሩ ያለው መልሴ።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ገና ዓመታት ይቀሩታል።»
አይቀሩትም። ቁጥሩ የፈረንጆች ነው። ይህ የመንግሥት የዲጂታል ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀ ሲሆን፣ 2025 የተባለው በእኛ 2017 እና 2018 ላይ ያርፋል። ትኩረት ከሰጣቸው መስኮች ግብርናና ቱሪዝም ይገኙበታል፤ ሩዝ አምራቹ ፎገራና ገዳማት ያሉባቸው ደሴቶች «ለእኛስ ምን ደረሰን?» ብለው የሚጠይቁበት ጊዜ አሁን ነው።

«ፋይበሩ በደጃችን አልፏል፤ ቢፈልጉ ዛሬውኑ ይቀጥሉልን ነበር።»
ይህ ቅሬታ ይገባኛል። ነገር ግን ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር በላዩ እያለፈ በኩራዝ የሚያመሽ መንደር ሞልቷል፤ መረጃ በብርሃን የሚያስተላልፈው ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ ፋይበርም፣ እንደዚያው ነው። እንዲያውም ሁለቱ አብረው የሚሄዱበት ቦታ አለ፦ በከፍተኛ ኃይል ምሰሶዎች አናት ላይ የሚዘረጋው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ውስጡ ፋይበር ሊይዝ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋሙም ለቴሌኮም ያከራየዋል። ከዋናው መስመር መውጣት የሚቻለው ግን መሣሪያና የማይቋረጥ መብራት ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማከፋፈያ፣ ቀጥሎም እስከ ደጃፍ የሚደርስ ቀጭን ገመድ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚያልቀው በዚች የመጨረሻ መንገድ ላይ ነው።

«ሐይቁ ሜዳ ነው፤ ሞገዱን የሚያግደው የለም።»
እውነት ይመስላል። ጣና ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን መስታወት ነው። ከማማ ወደ ማማ የሚላከው የማይክሮዌቭ ሞገድ ከፊሉ በቀጥታ ይሄዳል፣ ከፊሉ ውሃው ላይ ነጥሮ ይደርሳል። ሁለቱ ተቀባዩ ጋ ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። የውሃው መጠን ከክረምት ወደ በጋ ይለዋወጣል፤ አየሩም ጧትና ማታ አንድ አይደለም። ስለዚህ ሐይቅ ተሻግሮ የሚሠራ መስመር ሲታቀድ በአንድ ማማ ላይ ሁለት ሳህን አንቴና አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች መስቀል የታወቀ መፍትሔ ነው፤ አንደኛው ሲደክም ሌላኛው ይቀበላል። ለደሴቶቹ የሚቀርብ ዕቅድ ይህን ካላሰበ ማማው ቆሞ ሰው ሲቸገር እናያለን።

«ኢንተርኔት ከሳተላይት ነው የሚመጣው።»
የአገራችን ኢንተርኔት በአብዛኛው በመሬት ፋይበር እስከ ጎረቤት አገሮች፣ በተለይም እስከ ጅቡቲ ሄዶ ከባሕር ሥር ገመድ ጋር ይገናኛል። የሳተላይቱ ወሬ ወረዳዎችን ያገናኝ ከነበረው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ከወረዳኔት ዘመን የቀረ ይመስለኛል፤ ያኔ ብዙ ወረዳዎች የተገናኙት በሳህን ነበር። 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት ጋ ደርሶ መልስ ለማግኘት ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አሁን ወደ መሬት ቀረብ ብለው የሚዞሩት ሳተላይቶች ግን ፈጣኖች ናቸው።

«ማማ ከተተከለ አለቀ።»
የአንድ ማማ አቅም ሁሉም ይካፈለዋል፤ በገበያ ቀን የሚያዘግመው ለዚህ ነው። ከማማው ጀርባ ያለው፣ ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው መስመር ቀጭን ከሆነ ስልኩ ላይ የሚታየው 4ጂ ምልክት ብቻውን አይፈይድም።

«የግል ኩባንያ ከገባ ውድድሩ ራሱ ገጠር ያደርሰዋል።»
ሳፋሪኮም የተሳተፈበት ጥምረት ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ። ይህን ያህል ያወጣ ኩባንያ ደንበኛ ወደበዛበት መሄዱ አይደንቅም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሁለንተናዊ ተደራሽነትን፣ ማለትም አገልግሎቱ ለሁሉም እንዲዳረስ ማድረግን፣ ያነሳው ገበያ ብቻውን የማይደርስበት ቦታ ስላለ ነው።

«ገበሬ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?»
ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል። የገበሬ ልጅም ያንኑ ፈተና ነው የሚፈተነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ «ኔትወርክ መቼ ይገባል?» ብላችሁ አትብቁ። ፋይበሩ የሚወጣበት ጣቢያ የት ነው? ማማችን የሚገናኘው በፋይበር ነው ወይስ በማይክሮዌቭ? መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ትምህርት ቤቱስ በየትኛው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ተይዟል?