የፀሐይ ነፋስ፦ ነውጡና ሞገዱ፣ ከአዳማ ሲታይ

ለአዳማ ሰው ነፋስ ብርቁ አይደለም። በበጋ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ተሳፋሪ እንኳ አቧራውን ይቀምሳል። ጉሊት ላይ የተዘረጋ ሸራም ድንጋይ ካልተጫነበት ቦታው ላይ አይውልም። ኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት ተርባይኖች 136 ናቸው። አቅማቸው ሲደመር 204 ሜጋዋት ይሆናል።

እኔ የማወራው ግን ስለ ሌላ ነፋስ ነው። የፀሐይ ነፋስ አየር አይደለም፤ ፕላዝማ ነው። ፕላዝማ ማለት ከመጋሉ የተነሣ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ የተላቀቁበት ጋዝ ነው። ፀሐይ ይህን ነገር በየሴኮንዱ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ታፈሳለች። አብዛኛው ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ሲሆን ጥቂት ሂሊየምም አለበት። ፍጥነቱ ባብዛኛው በሴኮንድ ከ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። በ400 የሚጓዘው ሰኞ ጠዋት ከፀሐይ ቢነሣ አርብ ምድር አካባቢ ይደርሳል። ይህን ያህል ፈጥኖም የፀጉር ዘለላ አያነቃንቅም፤ በጣም ስስ ነዋ። እዚህ አዳማ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ 20 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ያህል ሞለኪውል አለ። በፀሐይ ነፋስ ውስጥ ያለው አምስት ወይም አሥር ፕሮቶን ነው።

እንዲህ ያለ ነፋስ መኖር አለበት ብሎ እ.ኤ.አ. በ1958 በሒሳብ ያሳየው የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ፓርከር ነው። ጽሑፉን የገመገሙት ሁለት ባለሙያዎች አይታተም ብለው ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ቻንድራሴክሃር ግን ሒሳቡ ላይ ስሕተት አላገኘም፤ አሳተመው። በ1962 ማሪነር 2 ወደ ቬነስ ስትበር ነፋሱን በመንገዷ ላይ ለካችው።

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ። ጋዝ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲተነፈስ እጃችሁን አስጠጉ፤ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው። የፀሐይ ነፋስም ከፀሐይ በራቀ ቁጥር እየሰፋ ስለሚሄድ ቶሎ መቀዝቀዝ ነበረበት። በ1970ዎቹ የተላኩት ሄሊዮስ 1 እና 2 የተባሉት መንኮራኩሮች ያዩት ግን ሌላ ነው። ይቀዘቅዛል፣ ግን እየተጎተተ። ምድር ጋ ሲደርስም ገና ወደ 100 ሺህ ዲግሪ ገደማ ነው። መንገድ ላይ የሚያሞቀው አለ ማለት ነው። ግጭት እንዳንል ግጭት የለም። አንድ ፕሮቶን ከፀሐይ እስከ ምድር ከሌላው ጋር ሳይጋጭ ሊመጣ ይችላል።

መልሱ ያለው ነውጥ ውስጥ ነው፤ የአውሮፕላን መንገደኛ ተርቡለንስ የሚለው። ክረምት ላይ አዋሽ ሲሞላ ድልድይ ሥር ቆማችሁ እዩ። ከምሰሶው ኋላ ትልቅ አዙሪት ይወጣል። እሱ ተሰብሮ ትናንሽ አዙሪቶች ይሆናል፤ እነሱም ተሰብረው ይብስ ያንሳሉ። ጉልበቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ እየወረደ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የሒሳብ ሊቁ ኮልሞጎሮቭ በ1941 ለዚህ አወራረድ ሕግ አወጣለት፤ አዙሪቱ ባነሰ ቁጥር ጉልበቱ እንዴት እንደሚቀንስ የምትናገረው ታዋቂዋ ቁጥር፣ አምስት ሦስተኛ (5/3)፣ ከዚያ ነች። መንኮራኩሮች ምድር አካባቢ ነፋሱ ከፀሐይ ይዞት የሚመጣውን መግነጢሳዊ መስክ ሲለኩ ያችኑ ቁጥር ያገኛሉ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ወንዝ የሚታዘዘው ሕግ እዚያም ይሠራል። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ትልልቆቹ አዙሪቶች ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ፕሮቶኖችን መንካት በሚጀምሩበት ደረጃ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያንሳሉ።

ደግሞ ይህ ነውጥ የተሠራው ከሞገድ ነው። የመግነጢሳዊ መስክን መስመር እንደ ክራር ጅማት አስቡት። የተወጠረ ነው፤ ፕሮቶኖቹ ክብደት ይሆኑበታል። አንድ ጫፉ ሲነካ ርግብግቡ በጅማቱ ላይ ይሮጣል። ሃነስ አልፍቬን በ1942 የተነበየው ሞገድ ይሄ ነው፤ በ1970 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ የአልፍቬን ሞገዶች ተከታትለው ያልፋሉ እንጂ አይነካኩም። ነውጥ የሚነሣው ሂያጅና መጪ ሲገናኙ ነው። አብዛኞቹ ከፀሐይ ወደ ውጭ የሚሮጡ ስለሆኑ፣ ከመንገድ ተንጸባርቀው የሚመለሱት ጥቂቶች ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

ሙቀቱ ፕሮቶኑ ዘንድ የሚደርስበትን መንገድ ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ያውቀዋል። ምድር አካባቢ ፕሮቶን በመስኩ መስመር ዙሪያ በ13 ሴኮንድ ገደማ አንዴ ይዞራል። በዚያው ምት የሚዞር ሞገድ ካገኘው በየዙሩ ይገፋዋል፤ ሳይጋጭ ይግላል። የተረፈው ጉልበት ይብስ እየጠበበ ወርዶ ኤሌክትሮኖቹን ያሞቃል። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲኖር ደግሞ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የላንግሚዩር ሞገድ የሚባለውን የኤሌክትሮኖች ርግብግብ ያስነሣሉ። እሱ ምድር አካባቢ በሴኮንድ 20 ሺህ ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ከፊሉም ወደ ሬዲዮ ሞገድ ይለወጣል።

በ2018 የተላከችው የፓርከር መንኮራኩር ይህን ሁሉ ከምንጩ ልታይ ሄዳለች። ሚያዝያ 2021 ላይ ነፋሱ ከአልፍቬን ሞገድ ፍጥነት በታች ወደሆነበት ክልል ገባች። ታኅሣሥ 2024 ላይ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ተጠጋች።

ለአዳማስ ይህ ሁሉ ምኗ ነው? የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር፣ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። ከራሳችን በላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዲስ አበባ ከአዳማ በምትርቀው ልክ ማለት ነው፣ ቀን ቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። የፀሐይ ነፋሱ ይዞት የመጣው መስክ ወደ ደቡብ ሲዞር የምድር መግነጢሳዊ መከላከያ ይላላል። ያኔ ይህም ጅረት ይረበሻል። ላይኛው አየር ሲናወጥ የጂፒኤስ ምልክትም ይወላገዳል፤ መሬት የሚለካ ቀያሽ ስሕተቱን መሣሪያው ላይ ሊያየው ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተርባይን ላይ ያለች የነፋስ መለኪያ ቦታዋን አትለቅም። ነፋሱ በፊቷ ስለሚያልፍ ግን በጊዜ ያየችውን ለውጥ በርቀት መተርጎም ይቻላል። ጄፍሪ ቴይለር በ1938 ያስተማረው ዘዴ ነው፤ አንዲት መንኮራኩር በፀሐይ ነፋስ ውስጥ የምትሠራውም በዚሁ ነው። ፀሐይ አጠገብ ነፋሱ ከሞገዱ ስለማይፈጥን ዘዴው ይደክማል። ደግሞ አንድ ነጥብ ላይ የቆመ መለኪያ የአዙሪትን ቅርጽ አያሳይም። ለዚህ ሲባል ክላስተር የተባሉት አራት መንኮራኩሮች በ2000 ሁለት ሁለት ሆነው ተላኩ። ናሳ ያቀደው ሄሊዮስዋርም ደግሞ ዘጠኝ ይሆናል።