የወንድ ውሻ ቴስቶስትሮን፦ አንድ ምርመራ ለምን አይበቃም?

«ያረጀው ውሻዬ ቴስቶስትሮኑ ዝቅ ብሏል ተባልኩ፤ አበቃለት ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። አይደለም። ይህ የወንዴ ሆርሞን እንደ ቧንቧ ውሃ ሳይቋረጥ አይፈስም። አንጎል ትእዛዝ ሲልክ የዘር ፍሬዎቹ ይለቁታል፤ ከዚያ ይቀንሳል፤ ደግሞ ይጨምራል። በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል። ለምሳሌ ጠዋት ደሙ ተቀድቶ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳየ ጤነኛ ውሻ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከፍ ያለ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች ሲጠራጠሩ የዘር ፍሬዎቹን የሚያነቃቃ መርፌ ሰጥተው ከመርፌው በፊትና በኋላ ይለካሉ። ይሄኛው ይሻላል።

በእርጅና ምን ያህል ይቀንሳል? ከውሻ ውሻ ይለያያል። ያልተኮላሸ ውሻ ሲያረጅ ፕሮስቴቱ (ከሽንት ፊኛው ሥር ያለው የወንዴ እጢ) መተለቁ ግን በጣም የተለመደ ነው። ሲጸዳዳ ካማጠ ወይም ሽንቱ ላይ ደም ካያችሁ፣ እባካችሁ ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳዩት።