የዲዛይን ታሪክ ጋለሪ፦ የምናውቀው ዕቃ መስታወት ውስጥ ሲገባ

ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ በአጭሩ ሞማ፣ በስብስቡ ውስጥ አንድ ስክሪብቶ አለው። ወርቅ የለበትም። ንጉሥ አልፈረመበትም። ያው ሁላችንም ክዳኑን እያኘክን ያደግንበት ቢክ ነው። ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጠጋ ብለው ሲያዩት ዝም ብሎ የተሠራ ነገር አይደለም። ገላው ስድስት ጎን የሆነው፣ ጠረጴዛ ላይ እንዳይንከባለል ነው። ገላው ወዲያ ማዶ የሚያሳየው ቀለሙ ስንት እንደቀረው እንዲታወቅ ነው። ወገቡ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ አየር ታስገባለች፤ ቀለሙ ሳይቆራረጥ እንዲወርድ። ክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ በ1991 የመጣች ናት፤ ልጅ ክዳኑን ውጦ ጉሮሮው ላይ ቢሰነቀርበት እንኳ አየር እንድታሳልፍ።

የዲዛይን ታሪክ ጋለሪ ሥራው ይኸው ነው። ሰው በየቀኑ የሚነካውን ነገር ያነሳና «ማን ሠራው? ለማን? ከምን? ለምን እንዲህ አደረገው?» ብሎ ይጠይቃል። ወንበር፣ ፖስተር፣ ጫማ፣ የመንገድ ምልክት፣ ስልክ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ሁሉም ይገባል። ሥዕል አንድ ነው። ቢክ በቢሊዮን ይቆጠራል። ጎብኚ ሥዕል ፊት ሲቆም ዝም ይላል። ስክሪብቶ ፊት ሲቆም «ይሄማ እኛም ቤት አለ» ይላል። አዲስ ጋለሪ የሚያቋቁም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መልስ ማዘጋጀት ያለበት ለዚች አባባል ነው። ሕንፃውም መብራቱም ከሷ በኋላ ይደርሳል።

ጥሩና መጥፎ

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በ1851 ለንደን ላይ የብዙ አገር የኢንዱስትሪ ውጤቶች የታዩበት ታላቁ ኤግዚቢሽን ተካሄደ። በዓመቱ፣ ከኤግዚቢሽኑ የተገዙ ዕቃዎች ጭምር ተሰባስበው፣ ማርልቦሮ ሃውስ በሚባል ሕንፃ የፋብሪካ ውጤቶች ሙዚየም ተከፈተ። የሚመራው ሄንሪ ኮል ነበር። ኮል የሕዝቡም የአምራቹም ምርጫ ተበላሽቷል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስለዚህ አንዱን ክፍል ለመጥፎ ዲዛይን መደበው። ያልወደዳቸውን ጨርቆች፣ የግድግዳ ወረቀቶችና የቤት ዕቃዎች ደረደረና ጥፋታቸውን ጻፈባቸው። ሰው «የአሰቃቂ ነገሮች ክፍል» እያለ ይጠራው ጀመር። ዕቃቸው እዚያ የተሰቀለባቸው አምራቾች ግን ተቆጡ። ክፍሉም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

ኮል ልክ ነበር አልልም። የሰውን ምርጫ ማረም የጋለሪ ሥራ አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ገብቶት ነበር፦ ሰው ቤቱ ያለውን ምንጣፍ ሙዚየም ውስጥ «መጥፎ» ተብሎ ሲያየው ቆሞ ይከራከራል። ሙዚየሙ በ1857 ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን ሲዛወር ደግሞ በጋዝ መብራት ማታ ማታ ክፍት እንዲሆን አደረገ። ቀን ሥራ የሚውል ሰው ማታ ይምጣ ነው ነገሩ። ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ሙዚየም ያ ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1899 ነው።

ከኮል በኋላ ሌላ መንገድ መጣ። በ1934 ሞማ «የማሽን ጥበብ» የሚል ኤግዚቢሽን አሳየ። አዘጋጁ ፊሊፕ ጆንሰን ነበር። የብረት ሞላ፣ የመርከብ ፕሮፔለር፣ ኩሽኔታ እንደ ሐውልት ከፍ ከፍ ተደርገው ተቀመጡ። ስለ ዕቃው ብዙ ወሬ የለም፤ ውበቱ ይናገራል ነው። ለጊዜው ድፍረት ነበር። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ ያሉ ስንትና ስንት ጋለሪዎች ይህንኑ ደገሙት። ነጭ ግድግዳ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት፣ ከሥሩ የዲዛይነሩ ስምና ዓመተ ምሕረት። እውነቱን ለመናገር አምስተኛው ወንበር ላይ ስደርስ እግሬ ወደ ካፌው ያመራል።

ወንበሩን ሳይሆን ሳጥኑን

በ1859 የወጣውን የቤት ዕቃ አምራቹን የቶኔትን ቁጥር 14 ወንበር እንውሰድ። የካፌ ወንበር ነው፤ በእንፋሎት ለስልሶ ከተቆለመመ የዛፍ እንጨት የተሠራ። ብቻውን ቢቀመጥ ቀጭን፣ ቆንጆ ወንበር ነው፤ አለቀ። ግን 6 የእንጨት ክፍል፣ 10 ብሎን እና 2 ዳዶ ብቻ ነው ያለው። ተፈታቶ ሲታሸግ 36 ወንበር አንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ውስጥ ይገባል። መርከብ ላይ ይጫናል፣ የደረሰበት አገር ይገጠማል። የወንበሩ ትልቁ ሐሳብ ያለው ሳጥኑ ላይ ነው። አንድ የተገጠመ ወንበርና አጠገቡ በትክክለኛ መጠኑ የተሠራ ባዶ ሳጥን ያስቀመጠ ጋለሪ፣ ጎብኚውን «36? እንዴት ይገባል?» ያሰኘዋል። ያኔ ሥራው ተሠራ ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ለአዲስ ጋለሪ በጣም ተግባራዊ ነው። ስብስብ ሲጀመር ዕቃውን ብቻ አይገዙም። ንድፉ፣ የከሸፈው ሞዴል፣ ማሸጊያው፣ የአጠቃቀም መመሪያው፣ ማስታወቂያው፣ የፋብሪካው ዋጋ ዝርዝር፣ የጠጋኙ እጅ ያረፈበት ናሙና አብረው ይፈለጋሉ። እነዚህ ቀድመው የሚጠፉ ናቸው። ወንበሩን ሰው ያስቀምጠዋል፤ ሳጥኑን ይጥለዋል። የሠራው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ድምፁ ይቀዳ። እሱም የሚጠፋ ነው።

ክፍል ሙሉ ዕቃ የሚሰበሰብበትም ጊዜ አለ። አርክቴክቷ ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 የነደፈችው የፍራንክፈርት ኩሽና 1.9 በ3.4 ሜትር ነው። ከተማዋ ለሠራተኞች በሠራቻቸው ቤቶች ውስጥ 10,000 ያህል ተገጥሟል። ስኳሩ፣ ሩዙ፣ ምስሩ ስማቸው የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች አሏቸው። አንድ መሳቢያ ነቅሎ ማሳየት ይቻላል። ግን የኩሽናው ነገር የሚገባው ቆመው ሲያዩት ነው፦ ለአንድ ሰው ብቻ የተለካ ነው። ያ አንድ ሰው ማን እንዲሆን እንደታሰበ ለመገመት ደግሞ ማንም ጽሑፍ አያስፈልገውም።

የማይጨበጥም ይሰበሰባል። ሞማ በ2010 «@» ምልክትን ስብስቤ ውስጥ አስገብቻለሁ አለ። አልገዛውም፤ የሚሸጥ ነገር አይደለማ። በ2012 ደግሞ 14 የቪዲዮ ጌሞች ያዘ፤ ፓክማንና ቴትሪስ አሉበት። ለጌም ካሴቱ አይበቃም። ኮዱ፣ የሚጫወትበት ማሽን፣ ማሽኑ ሲሞት የሚተካው ሶፍትዌር፣ ፈቃዱ ሁሉ መታሰብ አለበት።

ቪክቶሪያና አልበርት በ2014 «ፈጣን ምላሽ» የሚል የአሰባሰብ መንገድ ጀመረ። ዜና ላይ የወጣ ነገር ሃምሳ ዓመት ሳይጠበቅ ይገባል። ከገቡት አንዱ ባንግላዲሽ የተሰፋ ርካሽ ሱሪ ነው። በ2013 ዳካ አጠገብ ራና ፕላዛ የተባለው የልብስ ፋብሪካዎች ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። ሱሪው እንደ ሱሪ ምንም የለውም። ግን «የት ተሠራ» የምትለውን ቁራጭ ጨርቅ ሰው ገልብጦ እንዲያነብ ያደርጋል። ኮል ቢያየው መጥፎ ዲዛይን ይለው ነበር? ጥያቄው ራሱ ተቀይሯል።

ፕላስቲክ ያረጃል

ድንጋይና ነሐስ ለለመደ ሙዚየም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዕቃ ጉድ ያሳየዋል። ፕላስቲክ መሬት ውስጥ ለዘመናት አይበሰብስም ሲባል ሰምተናል። መደርደሪያ ላይ ግን ይበሰብሳል። ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ላቡ ይወጣና ይጣበቃል፣ አቧራ ይለብሳል። የሶፋ ስፖንጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። የድሮ ፊልም የሚሠራበት አሴቴት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው የመሞቱ ምልክት ነው። ይባስ ብሎ የሚወጣው ትነት ጎረቤቱን ይበላል፣ ብረት ያዝጋል። ስለዚህ አንዳንዱ ፕላስቲክ ለብቻው፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ አየር የሚንሸራሸርበት ቦታ ይፈልጋል። መጋዘኑ ከማሳያ ክፍሉ በፊት መታቀድ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ መግቢያው ላይ ያልቅና መጋዘኑ የደረጃ ሥር ይሆናል።

ብርሃንም ጠላት ነው። ለጨርቅና ለወረቀት የተለመደው ልክ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ደብዛዛ ነው። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ይደመራል እንጂ አይመለስም። ፖስተር ስለዚህ በተራ ይወጣል፣ በተራ ያርፋል። «ቋሚ ማሳያ» የሚባለው ቃል እዚህ ጋ ትንሽ ያታልላል።

መጋዘኑን ራሱን ማሳየትም ይቻላል። ቪክቶሪያና አልበርት በ2025 ምሥራቅ ለንደን ላይ የከፈተው ማከማቻ እንዲህ ያለ ነው። ጎብኚው በመደርደሪያዎቹ መሃል ይሄዳል፣ የፈለገውን ዕቃ አስቀድሞ አዝዞ ቀርቦ ያየዋል። የፍራንክፈርቱ ኩሽናም እዚያ ሙሉውን ቆሟል።

በሩ ሲከፈት

ሕንፃ ከባዶ መሥራት ግዴታ አይደለም። የለንደኑ ዲዛይን ሙዚየም በ1989 የተከፈተው የሙዝ መጋዘን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። በ2016 ወደ ኬንሲንግተን ሲዛወርም አሮጌ ሕንፃ ነው ያደሰው። ያኔ ቋሚ ማሳያው መግቢያ ላይ አንድ ግድግዳ ለሕዝቡ ሰጠ። ሰዎች ከ25 አገሮች «ይሄ ዕቃ ለእኔ ትልቅ ነው» ያሉትን ጠቆሙ፣ ከ200 በላይ ዕቃ ተሰቀለ። «እኛም ቤት አለ» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ አቀባበል አላውቅም።

ጽሑፉ አጭር ይሁን። ስልሳ ቃል ከበቂ በላይ ነው። ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው፤ እጁ ላይ ልጅ አለ። «ዘመን ተሻጋሪ»፣ «ተምሳሌታዊ» የሚሉ ቃላት ይቅሩ፤ ለቢኩ «ክዳኑ ለምን ተበሳ?» ትበቃዋለች። ፊደሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለተቀመጠም ይታይ።

በጀቱ ላይ ብዙ አልልም። ማስከፈቻውን የሚሰጥ ለጋሽ ይገኛል፤ ስሙ በር ላይ ይጻፍለታል። የአሥረኛውን ዓመት የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና የሚከፍል ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ዓመታዊው ወጪ መሠረቱ ሳይጣል ይሰላ።

የብዙ ምርት ዕቃ አንድ ደግነት አለው፦ ሁለት መግዛት ይቻላል። አንዱ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ይገባል፣ በጓንት ይነካል። ሁለተኛው ለሰው እጅ ነው። ወንበሩ ይቀመጡበት፣ የጽሕፈት መኪናውን ይምቱት፣ ቢኩ በክር ታስሮ ጠረጴዛ ላይ ይዋል፤ አጠገቡ ወረቀት ይኑር። ቢኩን ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። ክዳኑ ይታኘካል።