ስለ ነርሶች የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ የሚወራውና እውነታው

የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ (በሥራ ላይ በተፈጠረ ስህተት ለሚመጣ የካሳ ጥያቄ ሽፋን የሚሰጥ ውል) ገብተው ውሉን አንዴም ሳያነቡ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ነርሶች ብዙ ናቸው። ችግር ሲመጣ ታዲያ የሚሄዱት ተረኛ ክፍል ውስጥ ሲወራ በሰሙት ነው። ከሚወራው ውስጥ ደግሞ ጥቂት የማይባለው ዋጋ ያስከፍላል።

«መጥሪያ እስኪደርሰኝ ዝም ማለት ይሻላል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አብዛኞቹ ውሎች ክሱ ብቻ ሳይሆን ወደ ክስ ሊያመራ የሚችል አጋጣሚም ቶሎ እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ታካሚ ከአልጋ ወድቆ ቢሰበር፣ መድኃኒት ከመጠን በላይ ተሰጥቶ ጉዳት ቢያደርስ፣ የሕክምና መዝገብ የሚጠይቅ የጠበቃ ደብዳቤ ቢመጣ፣ ኩባንያው ጋ የሚደወለው ያኔውኑ ነው። የዘገየ ሰው ለኩባንያው «አልከፍልም» የሚልበትን ቀዳዳ ይከፍትለታል።

የመዘግየት ጉዳቱ እንደ ውሉ ዓይነት ይለያያል። አንዳንዱ ውል ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን ያያል። ሌላው ደግሞ ካሳ የተጠየቀበትን ቀን። እንበል ስህተቱ በ2014 ተፈጠረ፣ ነርሷ ውሏን በ2015 አቋረጠች፣ ክሱ በ2016 መጣ። በመጀመሪያው ውል ሽፋን አላት። በሁለተኛው ግን፣ ስታቋርጥ የተራዘመ የማሳወቂያ ጊዜ (ውሉ ካበቃ በኋላ የሚመጣን ክስ ለማሳወቅ የሚያስችል ጊዜ) ካልገዛች፣ ባዶ እጇን ነች። ነገሩን በ2014 አሳውቃ ቢሆንስ? ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ውሎች ክሱን ያኔ እንደቀረበ ይቆጥሩላት ነበር። አንድ ስልክና አንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

«ካሳወቅኩ ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው»

አይደለም። የሚነገረው የሆነው ነገር ብቻ ነው። «ሌሊት 9፡40 የደም ግፊቱ 80/50 ነበር፤ 9፡45 ለተረኛው ሐኪም ደወልኩ» ይበቃል። «ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ» የሚለው አይጻፍም። እንዲያውም ብዙ ውሎች ያለ ኩባንያው ፈቃድ ኃላፊነት መቀበልን ወይም «እንክሳለን» ብሎ ቃል መግባትን ይከለክላሉ። ይህ ማለት ግን ታካሚውን መሸሽ አይደለም። የደረሰውን ነገር በተቋሙ አሠራር መሠረት ማስረዳትና ማዘን ያለና የሚገባ ነው።

«ሆስፒታሉ ኢንሹራንስ አለው፣ እኔ ምን አገባኝ?»

የቀጣሪው ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ነርሷን የሚሸፍነው ለእሱ ስትሠራ ብቻ ነው። በሙያ ፈቃዷ ላይ ለሚመጣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ላይዘልቅ ይችላል። ደግሞስ ሆስፒታሉ «መመሪያችንን ጥሳ ነው» ብሎ ቢከላከልስ? የራስ ውል ያለው ሰው ለሁለቱም ወገን ማሳወቅ አለበት። ለአለቃ ሪፖርት ማድረግ ለራስ ኩባንያ እንደማሳወቅ አይቆጠርም።

«ቻርቱን ትንሽ ባስተካክለው ማን ያውቃል?»

ኮምፒውተሩ ያውቃል። የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ማን፣ ስንት ሰዓት ገብቶ ምን እንደነካ ይይዛል። ወረቀት ላይም ቢሆን የተጨመረ መስመር ይነቃበታል። ነርሷ ልትረታበት ትችል የነበረ ጉዳይ በዚህ ብቻ ገደል ይገባል፤ ዳኛው ከዚያ በኋላ የቀረውን ጽሑፍ ለምን ይመን? የተረሳ ነገር ካለ «ዘግይቶ የተጻፈ» ተብሎ፣ በተጻፈበት ቀንና ሰዓት፣ በተቋሙ ደንብ ይገባል። ክስ ከመጣ በኋላ ግን ያለ ጠበቃ ምክር እጅን መሰብሰብ ነው። ኢንሹራንስ መደወሉም ቻርት ላይ አይጻፍም፤ ቻርት የታካሚው ሕክምና መዝገብ ነው።

«ለጓደኞቼ ባወራው ምን ችግር አለው?»

ግሩፕ ላይ የተጻፈ መልእክት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፣ ጓደኛም ለምስክርነት ሊጠራ ይችላል። በሚስጥር የሚጠበቀው ከጠበቃ ጋር የተነጋገሩት ነው። የከሳሽ ጠበቃ «ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ቢደውል ስሙንና ስልኩን ተቀብሎ ለራስ ጠበቃ ማስተላለፍ ነው።

«ሳልስማማ ኩባንያው ከከሳሽ ጋር አይታረቅም»

ይሄ በውሉ ነው የሚወሰነው። አንዳንዱ ውል የነርሷን ፈቃድ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ውሳኔውን ለኩባንያው ይሰጣል። ፈቃድ ጠይቆም፣ እምቢ ካለች ከዕርቁ ሂሳብ በላይ ያለውን ራሷ እንድትሸከም የሚያደርግ አለ። አንቀጹ አጭር ነው። ኢንሹራንሱን ከማደስ በፊት መነበብ ያለበትም እሱ ነው።