በረዶ የት ይበዛል፣ የት ያንሳል?

በጣም የሚበርድበት አገር ሁሉ በረዶ የሚበዛበት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ብርድ ብቻውን በረዶ አያወርድም፤ እርጥበት ይፈልጋል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር መያዝ የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በረዶ የሚከመረው ብርዱ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ባለበት፣ ውኃ በቀረበበትና ተራራ አየሩን ሽቅብ በሚገፋበት ቦታ ነው።

ሦስቱም እንደ ጃፓን ምዕራባዊ ጎን አንድ ላይ የተገናኙበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በብርዱ ወራት ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ያቋርጣል። ባሕሩ ከደቡብ በሚመጣው ሞቃት የሱሺማ የባሕር ጅረት ስለሚሞቅ ነፋሱ መንገድ ላይ እርጥበት ይጠግባል። ከዚያ ከተራሮቹ ጋር ይላተምና የያዘውን ያራግፋል። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት የአኦሞሪ ከተማ በአማካይ በዓመት ከ5 ሜትር በላይ በረዶ ይወርድባታል። እዚያው አቅራቢያ ባለው ሱካዩ እ.ኤ.አ. በ2013 (ቀጥለው ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) የተከመረው በረዶ 566 ሴንቲሜትር ደርሷል። ትልቁ ክብር ግን የኢቡኪ ተራራ ነው፤ የካቲት 1927 ላይ 11.82 ሜትር ጥልቀት ተለክቶበታል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቁር፣ ይህን ለክቶ መመዝገብ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ከተራሮቹ ማዶ ያለችው ቶኪዮ ግን የብርዱን ወራት በአብዛኛው በደረቅ ፀሐይ ታሳልፋለች።

የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆችም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። በኅዳር 2014 በኢሪ ሐይቅ ዳር ካለችው የአሜሪካ ከተማ ቡፋሎ በስተደቡብ ያሉ አንዳንድ ሰፈሮች ከ1.5 ሜትር በላይ ሲወርድባቸው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ያሉት ያገኙት ጥቂት ሴንቲሜትር ነበር። የሐይቁ ፊት ቀዝቅዞ ወደ በረዶነት ሲለወጥ እርጥበቱ ስለሚቋረጥ በረዶውም ይቀንሳል።

በአንድ የበረዶ ወቅት ከሁሉ ይበልጥ በረዶ የተመዘገበበት የአሜሪካው ቤከር ተራራ ነው፦ በ1998/99 ወደ 29 ሜትር ገደማ። የአንድ ቀን ክብረ ወሰን ግን ያከራክራል። ለረጅም ጊዜ የተያዘው በ1921 በኮሎራዶ ሲልቨር ሌክ የተመዘገበው 193 ሴንቲሜትር ነው፤ እሱም ከ27 ሰዓት ተኩል ልኬት ላይ ተሰልቶ የተገኘ ነው። በመጋቢት 2015 ጣሊያን ውስጥ ካፕራኮታ በ18 ሰዓት 256 ሴንቲሜትር እንደወረደ ተዘግቧል፤ በይፋ ግን አልጸደቀም። እኔም ለጊዜው አልቀበለውም። በረዶ ሲለካ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነጭ ሰሌዳ ይዘረጋል፣ የተከመረው ይለካል፣ ከዚያ ይጠረጋል። በየሰዓቱ ከጠረጉት ድምሩ ያብጣል፤ ምክንያቱም በረዶ ሲቆይ በራሱ ክብደት ይታመቃል። ነፋስ የከመረውን የለካ ደግሞ ጭራሽ ይሳሳታል።

የአንታርክቲካ መሀል በዓመት የሚያገኘው በረዶ ቢቀልጥ ከ50 ሚሊሜትር ውኃ አይበልጥም፤ በረሃ ነው። ነጭ ሆኖ የሚታየው የወረደው ስለማይቀልጥ ነው። የሳይቤሪያዋ ከተማ ያኩትስክም ብርዷ ለጉድ ነው፣ በረዶዋ ግን ስስ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ እንደ ኪሊማንጃሮ እጅግ ከፍ ያለ ተራራ ካልሆነ በረዶ አይሰነብትም።

ጥልቀቱ እኩል ቢሆንም በረዶ ሁሉ እኩል አይደለም። በተለምዶ 10 ሴንቲሜትር በረዶ 1 ሴንቲሜትር ውኃ ይወጣዋል ይባላል። ደረቁና ብናኙ ግን ለዚያው ውኃ 20 ሴንቲሜትር ሊፈልግ ይችላል፤ እርጥቡ 5 ይበቃዋል። ጣሪያ የሚሰብረው፣ የመብራት ሽቦ የሚበጥሰው በአብዛኛው ይሄ እርጥቡ ነው።